ሃሪ ፖተር ሰቃይ ተማሪ አልነበረም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሃሪ ፖተር፣ ስለ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ልቦለዶች ጠንቋይ ልጅ፣ ሕይወትና የትምህርት ዘመን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። አጀማመሩ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 31 ቀን 1980 መወለዱ፣ ገና ዓመት ከሦስት ወሩ እናትና አባቱ መገደላቸው፣ አክስቱ ቤት ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ እየተኛ ማደጉ፣ ሁሉም ልክ ነው። የአስማት ትምህርት ቤቱ ሆግዋርትስ ሲገባ ግን ጎበዝ ተማሪ አድርጋችሁት፣ ልጆቻችን በትምህርት አርአያ ያድርጉት ብላችሁ አረፋችሁ።

ኧረ በሕግ! ሰቃይዋ እኮ ጓደኛው ሄርማይኒ ናት። በአስማት ታሪክ ክፍለ ጊዜ እሱና ሌላው ጓደኛው ሮን ሲያንቀላፉ ማስታወሻ የምትይዘው እሷ፣ ፈተና ሲደርስ ማስታወሻዋን የሚለማመጡት እነሱ። የትንበያ ትምህርት የቤት ሥራማ ጭራሽ ፈጠራ ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው በሚቀጥለው ወር ይደርስብናል የሚሉትን መዓት እያወጡ እያወረዱ ወረቀቱን ይሞሉታል። አስተማሪዋ ደግሞ መዓት ስለምትወድ ጥሩ ማርክ ትሰጣቸዋለች።

ውጤቱንም እንየው። በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ፣ እንደኛ ማትሪክ የሚያስጨንቅ ፈተና አለ። ሃሪ ከዘጠኝ ትምህርት ሰባቱን አለፈ። በትንበያና በአስማት ታሪክ ወደቀ። ለታሪኩ እንኳን ሰበብ አለው፤ ፈተናው መሐል ራሱን ስቶ ከወንበሩ ወድቋል። ከፍተኛውን ማርክ ያገኘው በአንድ ትምህርት ብቻ ነው፤ ከጨለማ አስማት ራስን በመከላከል። ሄርማይኒ ደግሞ ከፍተኛውን ማርክ ያጣችው በዚያው በአንዱ ትምህርት ነው። ጽሑፋችሁ መጻፍ የነበረበት ይኼን ይመስለኛል፤ ያቺን ሁሉ መጽሐፍ የበላች ልጅ እሱ በምን በለጣት?

መቼም አስተማሪ አግኝቶ ነው እንዳትሉኝ። የዚህ ትምህርት አስተማሪ በየዓመቱ ይቀያየር ነበር። የመጀመሪያው ኩዊሬል በጥምጣሙ ሥር የሃሪን ወላጆች የገደለውን ጠንቋይ ቮልደሞርትን ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ የሚዞር ሰው ነበር። ሁለተኛው ሎክሃርት የሌሎችን ጀብዱ በስሙ የሚጽፍ አጭበርባሪ ነው፤ የመጀመሪያ ፈተናው ራሱ የምወደው ቀለም ምንድን ነው እያለ ይጠይቃል። ሦስተኛው ሉፒን ናቸው (እኚህን አንቱ እላለሁ፣ ይገባቸዋል)። ልጁን ከክፍል ውጭ ለብቻው እያስጠኑ ፓትሮነስ የሚባለውን ከባድ የመከላከያ አስማት አስተማሩት። ጨረቃ ስትሞላ ወደ ተኩላነት እንደሚለወጡ ሲታወቅ ግን የወላጅ አቤቱታ ሳይመጣ ብለው በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ። አራተኛው የሌላ ሰው መልክ ለብሶ የገባ የቮልደሞርት ሎሌ ነው፤ የሚገርመው ማስተማሩን ይችልበታል።

አምስተኛዋ አምብሪጅ፣ ከአስማት ሚኒስቴር የተላከችው። ክፍል ስትገባ የአስማት በትራችሁን አስቀምጡ፣ መጽሐፍ አንብቡ ትላለች። በቃ፣ ትምህርቱ እሱ ነው። ሃሪ ቮልደሞርት ተመልሷል፣ ተማሪውን ሴድሪክን የገደለው እሱ ነው ብሎ ሲናገር ቅጣት ጣለችበት። ቢሮዋ ተቀምጦ «መዋሸት የለብኝም» እያለ ደጋግሞ ይጽፋል። ቀለም ግን አልሰጠችውም። ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ቀይ ነው፤ የገዛ ደሙ ነው። ቃላቱ እዚያው በዚያው በእጁ ጀርባ ላይ ይቀረጻሉ፣ ይድናሉ፣ እንደገና ይቀረጻሉ። ማታ ማታ ይኼ ነበር ሥራው፤ ጠባሳውም ሳይለቀው ቀረ።

እንግዲህ ያኔ ነው ሄርማይኒ አንተ አስተምረን ያለችው። እሱ ደነገጠ፣ ከዚያም ተቆጣ። እስከ ዛሬ የተረፍኩት በዕድልና በሰው እርዳታ ነው ብሎ ጮኸባቸው። በኋላ ግን እሺ አለ፤ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ፈላጊ ሲመጣ ብቻ በሩ የሚታይ ክፍል አገኙና በድብቅ ጀመሩ። ቀጠሮው በሐሰተኛ የወርቅ ሳንቲም ነው። ሃሪ ቀኑን ሲቀይር የሁሉም ሳንቲም ኪሳቸው ውስጥ ይግላል፣ ጠርዙ ላይ ያሉት ቁጥሮችም ይቀየራሉ። ሐሳቡ የማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ የሄርማይኒ።

የመጀመሪያው ትምህርት ተራ ነበር፤ ከባላጋራ እጅ በትር ማስጣል። አንዱ ልጅ ይኼ ምን ያደርግልናል ብሎ አፌዘ። ሃሪ በዚሁ ከቮልደሞርት እጅ አምልጫለሁ ሲለው ዝም አለ። ለክፍል ጓደኛቸው ለኔቪል የልምምድ ተጣማሪ ጠፋ፤ በየክፍሉ የሚሳሳተውን ኔቪልን ማን ይፈልገዋል? ሃሪ ራሱ ቆመለት። ሌሎቹን ሲቃኝ ዞር ባለበት በትሩ ከእጁ ተፈናጥራ ሄደች። ኔቪል በደስታ ጮኸ። ባላጋራ ዞር ብሎ አይጠብቅህም ማለት ይቻል ነበር። አላለም፣ ጎሽ አለው። ስንት አስተማሪ እንዲህ ያደርጋል?

በዚያ በአምስተኛው ዓመት ፈተና ቀን ፈታኙ ሽማግሌ ለተጨማሪ ማርክ ፓትሮነስ አሳየኝ አሉት። ፓትሮነስ የሚሠራው ደስ የሚል ነገር እያሰቡ ነው። ሃሪ አምብሪጅን ትክ ብሎ አያትና ከሥራ ስትባረር አሰበ። ከበትሩ የወጣው ባለቀንድ የብርሃን አጋዘን አዳራሹን አቋርጦ ሮጠ። ጽሑፋችሁ ይኼን መዝለሉ እስካሁን ያናድደኛል።

በስድስተኛው ዓመት በመድኃኒት ቅመማ አንደኛ ወጣ ያላችሁትም ሙሉ አይደለም። አስተማሪው ስኔፕ ተማሪ ሳለ ሕዳጉ ላይ የሞነጫጨረበት አሮጌ መጽሐፍ እጁ ገብቶ፣ የዚያን እርማት እየተከተለ ነው። እኛ ሰፈር ይኼ ኩረጃ ይባላል።

ሰባት ዓመት ተማረ የምትለዋንም አርሟት። ስድስት ናት። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1997 የትምህርት ቤቱ ባቡር ለንደን ካለው ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ሲነሳ ሃሪ፣ ሮንና ሄርማይኒ አልተሳፈሩም። ትምህርት ቤቱ በቮልደሞርት ሰዎች እጅ ነበር። ሃሪ በድብቅ ያስተማረውን ቡድን ይዘው የቆዩት ተማሪዎቹ ኔቪል፣ ጂኒና ሉና ናቸው። ሃሪ በሜይ 1998 መግቢያ በድብቅ ሲመለስ፣ ኔቪል ፊቱ በድብደባ እንዳበጠ ተቀብሎ ወደዚያው ሰባተኛ ፎቅ ክፍል አስገባው፤ የቀሩትንም በነዚያው ሳንቲሞች ጠራቸው። በማግስቱ የቮልደሞርትን እባብ አንገት የቀነጠሰው ይኸው ኔቪል ነው።

አንባቢያችሁ