የዓባይ ሙላት ምክንያት የታወቀው በ1770 አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ዓባይ በሚወጡ ጽሑፎች ላይ አንድ ስሕተት ደጋግሞ ስለሚያጋጥመኝ፣ እንዲታረም በማሰብ ይህን ደብዳቤ ልኬአለሁ። ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በ1770 (ሁለቱም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) የወንዙ ምንጭ ወደ ሆነው ግሽ ዓባይ መድረሳቸውን የሚያነሡ ጸሐፊዎች፣ ወንዙ ለምን እንደሚሞላም የታወቀው ያን ጊዜ ያስመስሉታል። ምንጩን ማየትና የሙላቱን ምክንያት ማወቅ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛውን ግሪኮች ከክርስቶስ ልደት በፊት ደርሰውበታል።

ጥያቄው ያስጨነቃቸው ያለ ነገር አልነበረም። በግሪክ ዝናብ የሚጥለው በብርዱ ወራት ሲሆን፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ብዙ ወንዞችም ጠጠራቸው እስኪታይ ይጎድላሉ። የግብፁ ወንዝ ግን ልክ በዚያ ሐሩር መካከል ሞልቶ ከዳርቻው ይወጣል። በእነዚያው ወራት ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ ውኃው ወደ ባሕር እንዳይገባ ይገታዋል ያሉ ነበሩ፤ ይህ የግሪካዊው ፈላስፋ የታሌስ ሐሳብ ነው ይባላል። ዓለሙን ከሚከበው ውቅያኖስ ይመጣል ያሉም ነበሩ። ሌላው ፈላስፋ አናክሳጎራስ ደግሞ በኢትዮጵያ የሚቀልጥ በረዶ ነው አለ።

በ5ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖረው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ሦስቱንም ነቀፈ። ነፋሱ ሳይነፍስ በቀረበት ጊዜም ወንዙ ይሞላል፤ ነፋሱ ምክንያት ቢሆንማ ኖሮ በሶርያና በሊቢያ ያሉ ወንዞችም በሞሉ ነበር አለ። አገሩ ሞቃት፣ ዝናብም ውርጭም የሌለበት ነው ብሎ ስላመነ በረዶውንም ጣለው። የራሱ መልስ ግን ከሌሎቹ አልተሻለም፤ ፀሐይ በብርዱ ወራት ወደ ደቡብ ተገፍታ ውኃውን ስለምትስብ ወንዙ ያኔ ይጎድላል አለ። እኔን የሚያስቆጨኝ መልሱ በእጁ የነበረ መሆኑ ነው፤ ይኸው ሰው የግብፅ አፈር ጥቁርና የሚፈረፈር የሆነው ወንዙ ከኢትዮጵያ ያመጣው ደለል ስለሆነ ነው ብሎ ጽፏል። በሐምሌ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ የደፈረሰው ውኃ ግንድ እያንከባለለ በድልድዩ ሥር ሲያልፍ የተመለከተ ሰው፣ አፈሩን ከዝናቡ ለይቶ ማሰብ አይሆንለትም። ሄሮዶቱስ ግን ወደ ደቡብ የሄደው አስዋን አጠገብ እስካለችው ኤሌፋንቲን ብቻ ስለሆነ፣ ደለሉን እንጂ ዝናቡን አላየም።

ክርክሩን የፈታው የዓይን ምስክር ነው። ግሪካዊው የመልክዓ ምድር ጸሐፊ ስትራቦን እንደሚተርከው፣ የጥንቶቹ በግምት የተናገሩትን የኋለኞቹ አይተው አረጋገጡት፤ ከእነዚህም መካከል የግብፅ ገዢዎች የነበሩት በጥሊሞሳውያን ዝሆን ለማደን በቀይ ባሕር ወደ ደቡብ የላኳቸው ሰዎች ይገኛሉ። ዝናቡ በላይኛይቱ ኢትዮጵያ፣ ይልቁንም በዳር ባሉት ተራሮች ሲጥል ወንዙ ይሞላል፤ ዝናቡ ሲያቆም ሙላቱም ቀስ በቀስ ያቆማል። ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ሁሉ እንደነበር አልዘነጋሁም፤ ይህን ያህል የክረምት ዝናብ ወደ ወንዙ የሚያወርዱት ተራሮች ግን የእኛው ናቸው።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ ወደፊት ስለ ዓባይ በሚያወጣቸው ጽሑፎች፣ ግሽ ዓባይ የደረሱትን ተጓዦች በደረሱበት ዓመት፣ የሙላቱን ምክንያት ያወቁትን ደግሞ በየዘመናቸው ለይቶ እንዲያስቀምጥ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የጋዜጣው አንባቢ