እማዬ፣ ጥቅምት ላይ ባሕሩ ይተኛል

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? እኔ ደህና ነኝ። ፀሐዩ ትንሽ አጠቆረኝ እንጂ ምንም አልሆንኩም።

«አንቺ ሂጂ፣ ተዝናኚ፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ባሕር አቋርጬ የት ልደርስ ነው» ብለሽ የዘጋሽውን ወሬ ልከፍተው ነው። በስልክ ከሆነ ሳልጨርስ «በይ እሺ፣ ደህና ዋዪ» ትይኛለሽ። ደብዳቤ ላይ ጆሮዬ ላይ መዝጋት የለም።

ያለሁት ሲሼልስ ነው፤ ላ ዲግ የምትባል ደሴት ላይ። አገሩ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ ከመቶ በላይ ደሴቶች አሉት፤ አብዛኞቹ ላይ ሰው አይኖርም። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሦስቱ ላይ ነው ያለው፤ ማሄ፣ ፕራስሊንና ላ ዲግ። አውሮፕላን የሚያርፈው ማሄ ነው። ማሄ ክፉ አይደለችም፤ ገበያዋም ያምራል። ግን መኪና አለ፣ ጥድፊያ አለ። ለእሱ ብሎ ይህን ሁሉ መንገድ የሚመጣ የለም። እኔ የምጽፍልሽ ስለ ትንንሾቹ ነው።

ከጀልባው ልጀምር፤ ከሁሉ በላይ እሱ እንደሚያስፈራሽ አውቃለሁ። ከማሄ እስከ ፕራስሊን በፈጣን ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ትልቅ ነው፤ ጣሪያና ደህና ወንበር አለው። ግን አልዋሽሽም፤ ከግንቦት እስከ መስከረም የደቡብ ምሥራቁ ንፋስ ሲበረታ ጀልባው ይዘላል። አሁን ወቅቱ እሱ ስለሆነ ፌስታሉን ይዞ አቀርቅሮ የደረሰ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ታኅሣሥና ጥር ደግሞ ንፋሱ ዞሮ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣና ዝናቡን ያወርደዋል። በሁለቱ መሀል፣ ንፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር፣ ባሕሩ ይተኛል። አንዱ ሚያዝያ አካባቢ ነው፤ ሌላው ጥቅምት። ስለ አውሎ ነፋስ ደግሞ አታስቢ። እነዚህ ደሴቶች ከምድር ወገብ በስተደቡብ 4 ዲግሪ ላይ ስለሆኑ እነ ማዳጋስካርን የሚደበድበው ማዕበል መንገዱ በዚህ አይደለም።

ይህም ሆኖ ጀልባው አልዋጥልሽ ካለ ከማሄ ፕራስሊን የምታደርስ ትንሽ አውሮፕላን አለች፤ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው የምትፈጀው። ላ ዲግ ግን አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከፕራስሊን ወዲህ ጀልባ ግድ ነው። እሱም ቢሆን ሩብ ሰዓት ነው፤ አጠገብሽ ካለው ሰው ጋር ወሬ ጀምረሽ ሳትጨርሺ ትደርሻለሽ። አንቺን ደግሞ አውቅሻለሁ።

አሁን ወደ ጉልበትሽ። ላ ዲግ ስፋቷ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪና የለም ቢባል ይቀላል። ሰው ሁሉ በብስክሌት ነው የሚሄደው፤ ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ዓሣ ገዝቶ የሚመለሰው። ብስክሌት ለማይነዳ በባትሪ የምትሄድ ጣሪያ ብቻ ያላት ተሽከርካሪ አለች፤ እንደ ታክሲ ትጠራለች። ድምፅ የላትም። ማታ ማታ የምትሰሚው ትልልቆቹ የሌሊት ወፎች ማንጎ ዛፍ ላይ ሲጣሉ ብቻ ነው። አዎ፣ የሌሊት ወፍ። ፍራፍሬ እንጂ ሰው አይነኩም፤ ፊትሽን አታጨማድጂ።

እዚህ አንስ ሱርስ ዳርዣን የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። መግቢያው ሉኒዮን በሚባል የድሮ እርሻ በኩል ነው፤ ይከፈልበታል። ቫኒላው ግንድ ላይ ተጠምጥሞ ታይዋለሽ፤ በሬ እየዞረ ኮኮናት ይጨምቅበት የነበረው ወፍጮም አለ። ከዚያ አሸዋው ላይ ስትደርሺ ቋጥኙ ነው። ቤት የሚያክል ግራናይት፣ ውኃ ያለሰለሰው፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደገፈ። ብዙ የውቅያኖስ ደሴቶች እሳተ ገሞራ የወለዳቸው ናቸው፤ እነዚህ ግን አይደሉም። ድንጋዩ ወደ 750 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው። ሕንድ ከአፍሪካ ወገን ተገንጥላ ወደ ሰሜን ስትጓዝ መንገድ ላይ ጥላው የሄደችው ቁራጭ ነው። ፊት ለፊቱ የኮራል አጥር ስላለ ማዕበሉ እዚያ ማዶ ተሰብሮ ይቀራል። ውኃው ሲሸሽ ርቀሽ ብትሄጂም ከጉልበትሽ አያልፍም፤ ለብ ያለ ነው። ዋና አልችልም ብለሽ የምታነሺው ሰበብ እዚህ አይሠራም። ቁጭ ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብሽ።

ከፕራስሊን ትንሽ ፈንጠር ብሎ ኩሪየዝ የሚባል ደሴት አለ። በአንድ ወቅት የሥጋ ደዌ ሕሙማን ተነጥለው የሚኖሩበት ነበር። ዛሬ ግዙፎቹ ኤሊዎች ያለ አጥር ይዞሩበታል። አንዱ ጥላ ሥር ተኝቶ ነበር። ቆዳው እንደ አሮጌ የቆዳ ቦርሳ የተሸበሸበ ነው። ጠባቂው «አንገቱን ከሥር እሺው» አለኝ። በጣቴ ሳሸው መጀመሪያ ዓይኑን ጨፈነ። ቀጥሎ አንገቱ ወጣ፣ ወጣ፣ አላልቅ አለ። ከዚያ አራቱንም እግሩን ቀጥ አድርጎ ያን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ ተነሣ። እጄን ሳነሣ ትንሽ ጠበቀኝና መልሶ ዝርፍጥ አለ። ከመቶ ዓመት በላይ ይኖራሉ፤ የሚቸኩሉበት ጉዳይ የላቸውም።

ፕራስሊን ላይ ቫሌ ደ ሜ የሚባለውን ጫካ ሳታይ አትመለሺም። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ነው። ካርቱም ላይ የተገደለው እንግሊዛዊው ጀኔራል ጎርደን እ.ኤ.አ. በ1881 መጥቶ አይቶት ኤደን ገነት ይህ ነው ብሎ አምኗል። ትንሽ አጋኗል። ግን ከዘንባባዎቹ ሥር ቆመሽ ቀና ስትዪ ለምን እንዳለው ይገባሻል። ኮኮ ደ ሜር የሚባለው ዛፍ ፍሬው ከዓለም ዘሮች ሁሉ ትልቁ ነው፤ እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል። ለመብሰል ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። ወንዴው ዛፍ ለብቻው፣ ሴቴዋም ለብቻዋ ነው የሚበቅሉት። ድሮ መርከበኞች ፍሬውን ባሕር ላይ ተንሳፍፎ ሲያገኙት ዛፉ ውኃ ውስጥ የሚበቅል ይመስላቸው ነበር። መንገዱ የድንጋይ ደረጃ አለው፤ ግን ጥላ ነው፤ አጭሩን መርጠን ቀስ እያልን እንሄዳለን።

ነጯን ወፍ ደግሞ ላሳይሽ። ጎጆ የሚባል ነገር አታውቅም። አንዲት እንቁላሏን ራቁቱን ቅርንጫፍ ላይ፣ ግንዱ ትንሽ ጎድጎድ ካለበት ታስቀምጣለች፤ በቃ። ጫጩቱ ሲፈለፈል በጠንካራ ጥፍሩ ቅርንጫፉን ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል። ንፋስ ሲመጣ እያየሁት እኔ ነኝ የጨነቀኝ።

ኩዛን የሚባለውን የወፎች ደሴት ግን ላንቺ አልመክርም። አይጥ እንዳይገባ የውጭ ጀልባ ዳርቻው ላይ አይደርስም፤ የደሴቱ ሰዎች በራሳቸው ጀልባ ይቀበሉሻል። በፍጥነት መጥተው አሸዋው ላይ ነው የሚወጡት፤ ዘለሽ ትወርጃለሽ። ለጉልበትሽ አይሆንም። እኔ ግን እሄዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1968 ደሴቱ ለጥበቃ ሲገዛ አንዲት ትንሽ ዘማሪ ወፍ በመላው ዓለም ከ30 በታች ቀርታ ነበር፤ ዛሬ በሺህ ነው የምትቆጠረው።

በአንድ ቀን አራት አምስት ደሴት እናዞራለን የሚሉ አሉ። እንዳትሰሚያቸው። እነሱ የሚያዩት ጀልባ ነው። ሁለት ደሴት ይበቃናል፤ አንዱ ላይ ቢዘንብ እንኳ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ማየት ነው።

የማይመችሽም አለ። ወበቁ ከባድ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ከቤት አትወጪም። ትንኝም አለ። ኑሮው ውድ ነው፤ ከውጭ የማይመጣ ዕቃ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሆቴል ሳይሆን ቤተሰብ የሚያከራየውን፣ ማድ ቤት ያለውን ቤት ነው የምይዘው። ትንንሾቹ ሱቆች ጥሬ ሩፒ ይወዳሉ፤ እሱን ለእኔ ተዪው። እሑድ ብዙው ሱቅ ይዘጋል፤ ሰው ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። የተጠበሰው ዓሣና በኮኮናት ወተት የተሠራው ካሪ ግን ሁሉንም ያስረሳሻል።

ጥቅምትን ይዣለሁ። ትኬት ገና አልቆረጥኩም፤ «ሳታማክሪኝ» እንዳትዪኝ። የጉዞ ፈቃዱ በኢንተርኔት ነው የሚሞላው፤ እኔ እሞላልሻለሁ። አንቺ ፓስፖርትሽን አውጥተሽ መቼ እንደሚያበቃ እዪልኝ። ቀኑን በስልክ ንገሪኝ፤ ሌላውን ሰበብ ግን በደብዳቤ ጻፊልኝ።

ልጅሽ