ድስት ነው ተብሎ የወጣው
የባህልና ቅርስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የመጽሔቱ አዘጋጅ «እንደ ሌሎቹ ክበባት አጠር አድርገህ ጻፍ» ብሎኛል። እሺ። መስከረም ላይ 26 ተማሪዎች ተመዘገቡ፤ ገና ሲደርስ የቀጠሉት 11 ብቻ ናቸው። የግድግዳ ጋዜጣ አራት ጊዜ አወጣን፤ አንዱን ዝናብ በላው። አንኮበር ለመሄድ ሁለት ጊዜ ተዘጋጅተን ሁለቴም በመኪና እጦት ቀረን። ሒሳባችን ንጹሕ ነው፤ የተጠራጠረ ገንዘብ ያዧን ያነጋግር። የቀረው ጊዜያችን ሁሉ ያለቀው አንድ ከበሮ ላይ ነው። ስለዚህ ዘገባውም የእሱ ነው።

ጥቅምት ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ይጽዳ ተባለ። ልጆቼ ተሽቀዳድመው እጃቸውን አወጡ። ለቅርስ ካላቸው ፍቅር እንዳይመስላችሁ፣ በዚያው ሰዓት የሒሳብ ማጠናከሪያ ነበረ። ከተሰባበሩ ዴስኮች ጀርባ አንድ ክብ ነገር ተገኘ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ተቀብቷል። ውስጡ ቁርጥራጭ ጠመኔ፣ ሁለት የዛጉ ቁልፎችና አንዲት የደረቀች አይጥ አለች። «ድስት ነው» አለ አንዱ። «የንጉሥ ነጋሪት ነው» አለ ሌላው፤ ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ልጅ ከመሬት የወጣ ነገር ሁሉ ከዘርዐ ያዕቆብ ጋር ይገናኝልኛል ብሎ ያስባል። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ግን ድስትም ይሁን ነጋሪት ሞዴል 22 ካልተሞላ አይወጣም አሉ። ሞልተን አወጣነው። ቅጹ ላይ «ክብ ዕቃ፣ 1» ብለን ነው የጻፍነው።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ስለ ከበሮ የማውቀው ጥምቀት ላይ ሲመታ ማጨብጨብ ነው። ስለዚህ «ምንድን ነው?» ከማለት «ምን አይደለም?» ብለን ጀመርን። ነጋሪት አንድ ፊት ነው ያለው፤ ከእንጨት ወይም ከብረት እንደ ጎድጓዳ ሳህን ተሠርቶ ቆዳ ይለበጥበታል። የእኛው ሁለት አፍ አለው። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሁለት አፍ ቢኖረውም አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ነው። የእኛው ሁለቱም እኩል ናቸው። አንዲት ተማሪ ብትለካው አፉ 35 ሴንቲ ሜትር ከምናምን፣ ቁመቱ ወደ 13 ሆነ። «ቲቸር፣ ምን ዓይነት ሰው ነው 35 ከግማሽ አድርጎ የሚሠራ?» አለችኝ። በኢንች የሚለካ ሰው! 14 ኢንች በ5 ኢንች። ዕቃው የመጣው ከአሜሪካ ወይም ከእንግሊዝ ሠፈር መሆኑን ያኔ ጠረጠርን።

ዙሪያውን 8 የብሎን መያዣዎች አሉ። በያንዳንዱ ከላይም ከታችም ብሎን ስለሚገባ በድምሩ 16 ብሎን። ከተበላሸ ሬዲዮ ስፒከር ያወጣነውን ማግኔት አመጣን። ብሎኖቹ ላይ ሙጭጭ አለ። ገላው ላይ ሲያስጠጉት ግን ወርዶ ወደቀ። ብረት አይደለም ማለት ነው። ደግሞም በጣም ቀላል ነው፤ ብረት ቢሆን ወደ ሦስት እጥፍ በከበደ። አሉሚኒየም ነው። ድስት ያለው ልጅ ይኼን ሲሰማ ደረቱን ነፋ።

የላይኛው ቆዳ የለም። የታችኛው አለ፤ ግን ቆዳ አይደለም፣ ፕላስቲክ ነው። ስናነብ የፕላስቲክ የከበሮ ቆዳ ገበያ ላይ የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 አካባቢ ነው፤ ከዚያ በፊት የጥጃ ቆዳ ነበር። «ስለዚህ ከበሮው ከ1957 ወዲህ የተሠራ ነው» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ዝምተኛ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ሸሚዙ ቢቀየር ሰውዬው ይቀየራል እንዴ?» ትክክል ነው። ቆዳ ይቀየራል። ሰሌዳውን አጠፋሁ።

መልሱ ያለው ከቀለሙ ሥር ነበር። እዚህ ላይ ነው ጠቡ የተነሳው። አንዲት ልጅ «እናቴ ድስት በአመድ ነው የምታጸዳው፣ አመድ ላምጣ» አለች። የኬሚስትሪ መምህሩ ከጎረቤት ክፍል እየሮጠ ነው የመጣው ማለት ይቻላል። አመድ ውሃ ሲነካው አልካሊ ይሆናል፣ አልካሊ ደግሞ አሉሚኒየምን ይበላል፤ ድስቱ እያደር የሚሳሳው አንድም በዚህ ነው። ብርጭቆ ወረቀትም ተከለከለ። የተፈቀደልን ቲነር የነካው ጥጥና ጫፉ የተሳለ የቀርከሃ እንጨት ብቻ ነው። እሱም ውጭ፣ ነፋስ ባለበት፣ በታኅሣሥ ብርድ። የደብረ ብርሃን ታኅሣሥ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

ከባንዲራው ቀለም ሥር ድፍን ቀይ ወጣ። ጠዋት ገብተው ማታ የሚወጡት ጋሼ ዘበኛችን ቆመው ሲያዩን ቆዩና «ይኼማ የመስከረም 2 ነው» አሉ። በደርግ ጊዜ ለአብዮት በዓል ሰልፍ ተማሪ ከፊት እየመታው ይወጣ ነበር። እሳቸውም ተሰልፈዋል። ከቀዩ ሥር ደግሞ የደበዘዘ ብርማ ገላ አለ። ሦስት ዘመን በጥፍር ውፍረት።

በሦስተኛው ሳምንት ቀርከሃው አንድ ነገር አንኳኳ። ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ያለች ትንሽ ባጅ ነበረች፤ መሐሏ ላይ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ሲመታ አየር የሚወጣበት ነው፤ ባጇንም ገላው ላይ የያዛት የዚሁ ቀዳዳ ቀለበት ነው፤ ስለዚህ ማንም ሊነቅላት አልቻለም። «ሉድዊግ» ይላል። ከዚያ «ቺካጎ»። ከታች ስድስት አሃዝ።

ከዚያ በኋላ በስልክ ዳታ፣ በኔው ካርድ፣ የተገኘው ይኼ ነው። ዊልያም ሉድዊግና ወንድሙ ቴዎባልድ ድርጅቱን በ1909 ቺካጎ ውስጥ አቋቋሙ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ ያዋጣቸው ከበሮ አይደለም፤ ትልቁን ከበሮ በእግር የሚመታ ፔዳል ነው። በኋላ ድርጅቱ ተሸጠ፣ ስሙም አብሮ ሄደ። ዊልያም በ1937 በስሙ መነሻ ፊደላት ብቻ እንደገና ጀመረና በ1955 የገዛ ስሙን መልሶ ገዛ። ልጆቹ ከሁሉ የገረማቸው ይኼ ነው፤ ስም ይሸጣል? በ1964 የቢትልስ ከበሮ መቺ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የሉድዊግ ከበሮ ሲመታ ታይቶ ፋብሪካው ትእዛዝ በትእዛዝ ሆነ አልኳቸው። «ቢትልስ ማን ናቸው?» አሉኝ። እርጅና እንዲህ ነው የሚመጣው።

የእኛው አክሮላይት የሚባለው ነው። አሉሚኒየም፣ 14 በ5፣ 8 መያዣ፤ ውዱ ወንድሙ 10 ነው ያለው። ለተማሪዎች ተብሎ የተሠራ፣ ርካሹ ከበሮ ነው። ባጅ ላይ ቁጥር መምታት የጀመሩት በ1963 መጨረሻ አካባቢ ነው፤ የዚችን ቅርጽ ባጅ ደግሞ ወደ 1970 ሲቃረብ ለወጧት። ባጆቹ በቅደም ተከተል ስላልተለጠፉ ከዚህ በላይ ማጥበብ አይቻልም። በኛ አቆጣጠር ከ1956 እስከ 1962 ዓ.ም. ብለን መዝገብ ላይ አስገባነው። የአውሮፓው 1957 ክርክሬም ሳይታሰብ ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ የዘጠነኛ ክፍሉ ልጅ ግን አሁንም በምክንያቱ አይስማማም፣ መስማማትም የለበትም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ብሎኖቹ ዝገው ስለነበረ ላምባ ጠብ እያደረግን ሳምንት እንጠብቅ ተባብለን ነበር። አምስት ተፈቱ፣ አሥር ተፈቱ። አሥራ አንደኛው እምቢ አለ። ልጆቹ ወጥተው እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ፒንሳ አነሳሁ። አንዴ ብቻ ብዬ ጠመዘዝኩ። ቀጭ! ግማሹ እጄ ላይ፣ ግማሹ ውስጥ ቀረ። ስድሳ ዓመት ያህል የቆየ ብሎን፣ መታገሥን የሚያስተምር መምህር እጅ ላይ። በነጋታው ስነግራቸው ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ብሎን ፍለጋ ከተማውን ዞርን። 5 ሚሊው ውስጡ ይወላገዳል፣ 6 ሚሊው ጭራሽ አይገባም። የብስክሌት ጠጋኙ ልጅ ወደ አንድ ቶርኖ ቤት ወሰደን። ባለሙያው ጤነኛውን ብሎን በካሊፐር ያዘና 5 ነጥብ 5 አለ። ከዚያ የጥርስ መለኪያውን አስጠጋ። በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ጥርስ። «ይኼ የኛ አይደለም» አለና የተቀረቀረውን ስባሪ አውጥቶ አዲስ ቆረጠልን። ጭንቅላቱን አራት ማዕዘን ያደረገው በሞረድ፣ በእጁ ነው። አዲሱን ከአሮጌዎቹ ጋር ለማመሳሰል አልሞከርንም። ያበራል። የተሰበረውም በላስቲክ ተጠቅልሎ መዝገቡ ውስጥ አለ።

የላይኛውን ቆዳ ለሥልጠና አዲስ አበባ የወረደ ባልደረባ ከፒያሳ ገዝቶ አመጣልን፤ ፕላስቲክ፣ 14 ኢንች። ማጥበቁ ግን ከኛ በላይ ሆነ። በአንድ በኩል ስናጠብቅ በሌላው ይጨማደዳል። የአንዷ ተማሪ አያት ወደ ጣርማ በር ግድም ለቤተ ክርስቲያን ከበሮ የሚጠፍሩ ናቸው። ለገበያ ሲመጡ ለመንናቸው። ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ተቀመጡ፣ ከበሮውን በጣታቸው ቆረቆሩት። «ቆርቆሮ ነው» አሉ፤ ደስ አላላቸውም። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ ጠፍር ስትስብ ከአንዱ ቀጥሎ ጎኑ ያለውን አትስብም፤ ተሻግረህ ፊት ለፊቱን ነው። አንድ ወገን ብቻ ከሳብክ ቆዳው ያኮርፋል። በየብሎኑ አጠገብ ጠርዙን በጣት እየነኩ፣ ድምፁ የወፈረበትን «ይኼ ተኝቷል» እያሉ አሳዩን። መጽሐፉም የሚለው ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ መጽሐፉ ሲሳሳቱ እጅ አይመታም።

ከታችኛው ቆዳ ሥር ተዘርግቶ ከበሮው ሲመታ የሚንዛዛው ሽቦ ተበጣጥሶ አልቋል። ይኼ ከበሮ ያለ እሱ እውነትም ድስት ነው። እዚህ ላይ ያዳነችን በገና የምትማረው ልጅ ናት። ሽቦው ቆዳውን እየነካ ይንዘረዘራል ብዬ ሳስረዳ «እንደ እንዚራ ነው በለኛ» አለች። በገና ላይ በአውታሩና በብርኩማው መሐል የሚገቡት ቁራጭ ቆዳዎች ናቸው እንዚራ የሚባሉት፤ የበገናን ድምፅ የሚያንዛዙት እነሱ ናቸው። ልክ ነበረች። ብሎም ድሮ ፈረንጆቹ ራሳቸው ለከበሮ የሚጠቀሙት ሽቦ ሳይሆን ጅማት ነበር። በግ ደግሞ እኛ ዘንድ ሞልቷል። የበገና አውታር ከሚሠሩላት ሰው 10 የበግ አንጀት አውታር አመጣች፣ ልክ የበገናው ቁጥር። በሁለት ጠፍጣፋ ብረት መሐል አሰርናቸው። ድምፁ ከሽቦው ጠቆር፣ ረጋ ያለ ነው። እኔ ወድጄዋለሁ።

የመጨረሻው ክርክር ቀለሙ ነበር። ግማሹ ሙልጭ ተደርጎ ይጽዳ፣ እንደ ፋብሪካው ይሁን አለ። ግማሹ ይቅር አለ። ሁለት ሳምንት ተከራከርን። በሁለት መያዣዎች መሐል አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ከነባንዲራው፣ ከጠርዙም ቀዩ ትንሽ እየታየ እንዲቀር ተወሰነ። ሰባት ለአራት። እኔ ከአራቱ ነበርኩ፤ አሁን ሳየው ልጆቹ ናቸው ልክ።

ሰኔ ላይ በመዝጊያው ቀን የበገናዋ ልጅ ባንዲራ ሲወጣ መታችው። ጠዋት ዘንቦ ስለነበረ አንጀቱ እርጥበት ጠጥቶ ላላ፣ መሐል ላይ መንዘርዘሩ ጠፋ። ሳታቋርጥ በግራ እጇ ማጥበቂያውን ሁለት ዙር አዞረችው፤ ተመለሰ። ከወላጆች ያስተዋለ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ቤተ መጻሕፍት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ጋሼ ዘበኛችን በዚያው ቀን መጥተው በመስታወቱ አዩትና «ጓደኛውስ?» አሉኝ። የምን ጓደኛ? «ሁለት ነበሩ እኮ። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ነው የሚሄዱት።» ከአሮጌው መማሪያ ክፍል ጀርባ ያለውን የተቆለፈ ክፍል በአገጫቸው አሳዩኝ። ለመስከረም ሞዴል 22 ከወዲሁ ጠይቀናል።