ዓይኔን በጨው አጥቤ

እህት ዓለም፣

ይኸው ዓይኔን በጨው አጥቤ መጣሁ። ሁለት ዓመት ከምናምን ሆነን አይደል? ቆጥሬዋለሁ። አንቺም ሳትቆጥሪው አትቀሪም። ልደትሽን ሁለቴ ዘለልኩት። ሁለቱንም ጊዜ ስልኬን አንስቼ ስምሽ ጋ ደርሼ ነበር። ከዚያ ድንገት ያልታጠበ ዕቃ ትዝ ይለኛል። ታውቂኛለሽ።

ይቅርታ፣ ከልቤ ነው። የቀረውን ስድብ በስልክ ታወርጂብኛለሽ። እስከ ዓርብ ብቻ የሚቆይ ነገር ይዤ ስለምጽፍልሽ ይቺን በሩጫ ልለፋት።

ልትበደረኝ ነው ብለሽ ከሆነ ደግሞ ተንፍሺ፤ አይደለም። ያንን 800 ዶላርሽንም አልረሳሁትም። እሱ ነው እኮ አፌን የለጎመው። እመጣበታለሁ።

ነገሩ ክሬዲት ካርድ ነው። 6,000 ዶላር አለብኝ። በዓመት 24 ፐርሰንት ወለድ። ይህችን መስመር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጥፍቻታለሁ። እንዴት ተጠራቀመ አትበይኝ። ጥርሴ አለበት፣ የአውሮፕላን ትኬት አለበት፣ የቀረውን በየወሩ የሚመጣውን የሒሳብ ዝርዝር፣ ስቴትመንቱን፣ ካላየሁ እኔም አላውቀውም። ዕዳ ከሜዳ የሚሉት ይኼንን ነው። በየወሩ 180 ዶላር ስከፍል ጎበዝ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ለካ 120ው የወለድ ነው። ከዋናው ላይ የምትነሳው 60 ብር ብቻ ናት። (ዶላሩን ብር ማለት አልተውኩም፤ አንቺም አልተውሽም።)

ስቴትመንቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ሠንጠረዥ ታስታውሻለሽ? ትንሹን ክፍያ ብቻ ከከፈልሽ በስንት ዓመት እንደምትጨርሺ የምትናገረውን? ያኔ ሶፋው ላይ ተቀምጠን «ይህቺን አንብቢ፣ በፈረንጆቹ 2009 ባንኮቹን በሕግ አስገድደዋቸው ነው የጻፏት» ስትዪኝ፣ «አንቺ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውንም ታነቢያለሽ» ብዬ የሳቅኩብሽን? ባለፈው ወር አነበብኳት። 18 ዓመት ትላለች። ዛሬ የተወለደ ልጅ ድምፅ መስጫ ዕድሜው ሲደርስ እኔ ያንን ትኬት ከፍዬ እጨርሳለሁ ማለት ነው። ከሥሯ ያለችው መስመር ግን ይበልጥ አስደነገጠችኝ። በወር 235 ብትከፍዪ በ36 ወር ትጨርሻለሽ ትላለች። በ18 ዓመትና በ3 ዓመት መካከል ያለው 55 ዶላር ነው! ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሥራዬ ባላንስ ትራንስፈር፣ ዕዳን ወለዱ ወዳነሰ ሌላ ካርድ ማዛወር፣ ማነጻጸር ሆኗል። ብታዪኝ ትስቂያለሽ። ደብተር ገዝቻለሁ። ማስመሪያ አለኝ። በፖስታ የሚመጣውን ማስታወቂያ ሳልከፍት እጥለው የነበርኩት ሴት፣ አሁን ከቆሻሻ ቅርጫት እያወጣሁ አነበዋለሁ። ያቺ ወለዱንና ክፍያውን ሁሉ የሚዘረዝሩባት ሠንጠረዥ የሹመር ሳጥን እንደምትባል ታውቂያለሽ? በፈረንጆቹ 1988 ከወጣው ሕግ ጋር የመጣች ናት፤ ያኔ የኮንግረስ አባል በነበረው በቻክ ሹመር ስም ነው የምትጠራው። ታውቂያለሽ፤ አንቺ የማታውቂው የለም። ለኔ ግን አዲስ ነው፣ ተይኝ ልኩራ።

መጀመሪያ ላይ እንደ ሕፃን ነበር የማየው። ዜሮ ፐርሰንት ወለድ የሚለው በትልቁ ተጽፏል፤ ወሩ የበዛው ያሸንፋል ብዬ ደረደርኳቸው። ከዚያ ነው ፊው፣ የማዛወሪያ ክፍያው፣ የገባኝ። ዕዳውን ለማዛወር ብቻ ከ3 እስከ 5 ፐርሰንት ይወስዳሉ፤ እሱም እዚያው ዕዳው ላይ ይደመራል። ከሁሉም አበጥሬ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ የቀሩት ሦስት ናቸው። አንደኛው ዜሮ ለ15 ወር፣ ፊው 3 ፐርሰንት። ሁለተኛው ዜሮ ለ21 ወር፣ ፊው 5 ፐርሰንት። ሦስተኛው የአንድ ክሬዲት ዩኒየን፣ የአባላቱ የሆነ የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ ነው፤ ዜሮ የለውም፣ 9 ፐርሰንት ነው፣ ግን ፊ አይጠይቅም።

እኔ በወር ለካርዱ የምችለው 310 ነው። ከዚያ በላይ ብዬ ብምል ውሸት ነው።

እንግዲህ ስሚ። የ21 ወሩን ብወስድ ፊው 300 ነው። 6,300ውን ለ21 ስታካፍዪው በወር ቁርጥ 300። ሙዚቃ ነው! የ15 ወሩን ብወስድ ፊው 180 ነው፤ ግን በጊዜው ለመጨረስ በወር 412 ይፈልጋል። እሱን አልችልም። በ310 ከሄድኩ 15ኛው ወር ላይ 1,530 ይቀረኛል፤ ያ ደግሞ በተለመደው ወለድ፣ ወረቀቱ ላይ እንደተጻፈው በ26 ፐርሰንት ይያዛል። ይህን ሳይ ገደል መሰለኝ። ቀዩን መስመር አሰመርኩበት። በማግሥቱ ግን አንቺ ብትሆኚ አስልተሽው ነው የምትፈሪው ብዬ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። 1,530ውን በዚያው 310 ስከፍለው በስድስት ወር ያልቃል፤ ወለዱ 106 ዶላር ነው። 180 እና 106፣ 286። ሌላኛው 300። ሁለቱም 21ኛው ወር ላይ ያልቃሉ! ሦስት ሳምንት የተጨነቅኩበት ልዩነት 14 ዶላር ሆኖ ቁጭ አለ።

ክሬዲት ዩኒየኑ ደግሞ በ310 ልክ 21 ወር ይፈጅብኛል፤ ወለዱ 500 አካባቢ ይመጣል። ስለዚህ ለኔ ውድ ነው። ግን ገንዘብ ያላት፣ በስድስት ወር ልጨርስ የምትል ሰው ብትሆን 158 ገደማ ብቻ ነበር የምትከፍለው፤ ከ3 ፐርሰንቱ ፊ እንኳ ያንሳል። ዜሮውን የሚያሸንፍ 9 አለ ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላሰብኩም ነበር። የፌዴራል ክሬዲት ዩኒየኖች በካርድ ላይ ከ18 ፐርሰንት በላይ ማስከፈል እንደማይፈቀድላቸውም የሰማሁት ገና አሁን ነው። ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበርኩ?

ምንም ሳልቀይር እዚሁ ካርድ ላይ 310 እየከፈልኩ ብቀጥል 1,660 ገደማ ለወለድ ይሄዳል። ስለዚህ ማዛወሩስ ቁርጥ ነው። የትኛው ነው ጥያቄው። የ21 ወሩ ደብዳቤ ላይ ያለው ቀን ዓርብ ነው።

ትንንሹን ጽሕፈትም አንብቤያለሁ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ከአንድ ባንክ ካርድ ወደዚያው ባንክ ሌላ ካርድ አያዛውሩም። ዜሮው ለተዛወረው ዕዳ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በአዲሱ ካርድ ቡና ብገዛበት ቡናው ከመጀመሪያው ቀን ወለድ ሊቆጥር ይችላል። የተዛወረው ገንዘብ እስኪደርስ ሳምንታት ስለሚፈጅ አሮጌውን መክፈል ማቆም የለብኝም። ዜሮው ቢያንስ 6 ወር መቆየት አለበት፣ ከ60 ቀን በላይ ካልዘገየሁ በቀርም ያዛወርኩት ላይ ከጊዜው በፊት ሊያነሱብኝ አይችሉም፤ እሱም የ2009ኙ ሕግ ነው። የመዘግየት ቅጣቱ ግን ወዲያው ይመጣል።

የሚያስፈራኝ ሊሚቱ፣ ካርዱ የሚፈቅድልኝ ጣሪያ፣ ነው። ስንት እንደሚሰጡኝ የሚነግሩኝ ከተቀበሉኝ በኋላ ነው። 4,000 ብቻ ቢሉኝስ? ፊውም እኮ ከሊሚቱ ላይ ነው የሚነሳው። ሁለቱም ጋ ቅድመ ማጣሪያውን ሞክሬዋለሁ፤ እሱ የክሬዲት ስኮሬን፣ ያቺን የብድር ነጥቤን፣ አይነካም፣ ያልፋሉ ብሎኛል። እውነተኛው ማመልከቻ ግን የብድር ታሪኬ በሚመዘገብበት ክሬዲት ሪፖርት ላይ ሁለት ዓመት ይቀመጣል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ሞክሬ የሰጠኝን ልያዝ ማለት አልፈልግም።

እስካሁን ድረስ ሒሳብ ነው። ሒሳቡን ደግሞ አየሽው፣ ችዬዋለሁ። ላንቺ የምጽፈው በሱ አይደለም።

እንዴት ልበለው። ይሄ የመጀመሪያዬ አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት አንዴ አዛውሬ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም። 3,500 ዶላር፣ በዜሮ። አሮጌው ካርድ ባዶ ሆነ። ስልኬ ላይ ከፍቼ ዜሮውን ሳይ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ባዶ ካርድ የተከፈለ ካርድ ይመስላል። ዕዳዬ ሌላ ቤት ገብቶ እንደተኛ ረሳሁት። አንድ ጫማ ብቻ አልኩ። አራት ወር አልቆየም፤ አሮጌውም ሞላ፣ አዲሱም እንዳለ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ነው። አንድ ወር የሁለቱን ክፍያ የምሸፍንበት አጣሁ።

ያኔ ነው አንቺ ጋ የደወልኩት።

የመኪናው ማርሽ ተበላሸ አልኩሽ። መኪናው ደህና ነበር። ሳታመነቺ ላክሽልኝ። በማግሥቱ ደግሞ ደውለሽ «መካኒኩ ምን አለሽ?» አልሽኝ፤ እኔም ስለ ማርሽ አሥር ደቂቃ ያህል አወራሁልሽ። ስለ ማርሽ ምን አውቃለሁ? አሁንም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። ከዚያ በኋላ ስትደውዪ ስለ መኪናው ትጠይቀኛለች እያልኩ ስልኩን መዝለል ጀመርኩ። አንዱ ሳምንት ሌላውን እየጎተተ እዚህ ደረስኩ።

ስለዚህ የምለምንሽ ገንዘብ አይደለም፤ ሌላ ነገር ነው። አሮጌውን ካርድ እቆርጠዋለሁ። አካውንቱን ግን አልዘጋውም፤ ከዘጋሁት ጠቅላላ ሊሚቴ ስለሚወርድ ስኮሬ ሊጎዳ ይችላል። ክፍት ሆኖ ይቀመጣል ማለት ነው። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፤ ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። ስለዚህ በየወሩ 12ኛው ቀን ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ላኪልኝ፦ «አሮጌው ላይ ስንት አለ?» እኔ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። ዜሮ ካልሆነ የፈለግሽውን በዪኝ። አልቀየምም። እሺ፣ እቀየማለሁ፣ ግን አንቺ በዪኝ። 21 ወር ነው። ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። ደፍሬ ስጠይቅሽ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ሁለት ዓመት የጠፋ ሰው የሁለት ዓመት ሥራ ይዞ ሲመጣ።

ያንቺ 800 ደግሞ። ሒሳቡ «እሷን መጨረሻ አድርጊያት» ነው የሚለኝ፤ ወለዱ ከፍ ያለው ይቅደም ነው የሚባለው። ያንቺ ወለድ የለውም፣ ፊ የለውም፣ ማብቂያ ቀን የለውም። ሦስት ሳምንት አገላብጬ ካየሁት ሁሉ የሚበልጠው ኦፈር የራስሽ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም አስበልጬ የሸሸሁት እሱን ነው። ሒሳቡን አልሰማውም። ከ310ሩ ውጪ በወር 50 እልክልሻለሁ፣ በ16 ወር ያልቃል። ዛሬ ጠዋት አካውንትሽ ላይ ያየሽው 50 እሱ ነው። ተሳስቶ የመጣ መስሎሽ እንዳትመልሺው።

አሁን ንገሪኝ፤ 15 ወሩ ወይስ 21 ወሩ? ልቤ ወደ 21ዱ ያደላል። 14 ዶላሩን ለእንቅልፌ ልክፈል እላለሁ፤ በ15ኛው ወር ድንገት 26 ፐርሰንት ሲመጣብኝ ደንግጬ የሆነ ሞኝነት እንዳልሠራ። በሌላ በኩል ደግሞ 21 ወር ረጅም ነው፣ መዘናጋት ያመጣል። አጭሩ ቢያስፈራኝ ይሻላል ይሆን? እኔን ከኔ በላይ የምታውቂኝ አንቺ ነሽ። ሐሙስ ማታ ቤት ነኝ። ዓርብ እስከ ቀትርም ስልኬን ከእጄ አላወጣም። ስትደውዪ አነሳለሁ። በመጀመሪያው ጥሪ።

ያንቺው ጠፊ

ተጨማሪ፦ ውይ፣ እናትሽ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ይህን ከላይ ነበር መጠየቅ የነበረብኝ፤ አሁን ወረቀቱ ስላለቀ እዚህ ጎን ላይ ጻፍኩት።