የ1780 ጠገራ ብር ሁሉ የ1780 አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በኢንተርኔት ጨረታ ጠገራ ብር «የ1780 እውነተኛ፣ እጅግ ብርቅ» እየተባለ በውስጡ ካለው ብር ዋጋ በብዙ እጥፍ ሲቸበቸብ ማየት ሰልችቶኛል። ምስሏ በጠገራው ላይ ያለው የኦስትሪያዋ ገዢ ማሪያ ቴሬዛ በ1780 (በፈረንጆች አቆጣጠር) አረፈች፤ ገንዘቧ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ሳይቀር ሲቀረጽ ኖሯል። ቁጥሩ ብቻውን ስለ ዕድሜው ምንም አይመሰክርም።

በእኛ ሳንቲሞች የሚሠራው ደግሞ ያስቃል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስልና 1936 የሚል ዓመት ያለበትን አምስት ሳንቲም «በጣሊያን ወረራ ዓመት የወጣ» ይሉታል! ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን የሚነግራቸው ጠፋ? ጣሊያን በ1933 ተባርሯል። ያውም ይኸው 1936 ሳይለወጥ ለብዙ ዓመታት ስለተቀረጸ ሳንቲሙ በየቤቱ መሳቢያ አይጠፋም። በውድ የሚገዙት ባብዛኛው ባሕር ማዶ ሆነው የአገር ማስታወሻ የሚሹ ወገኖቻችን ናቸው።

ገዢዎች የፊቱን ፎቶ ብቻ አይተው ባይጫረቱ እመክራለሁ። ትክክለኛው ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በጠርዙ ዙሪያ ጎላ ብሎ የወጣ የላቲን ጽሑፍ አለው። ሻጩን የሚዛኑንና የጠርዙን ፎቶ ይጠይቁት፤ እምቢ ካለ ጨረታውን ይተዉለት።

አንድ ሳንቲም ሰብሳቢ፣ ከአዲስ አበባ