ቤሊንዞና የሄደ ሰው ሦስተኛውን ግንብ ሳያይ እንዳይመለስ

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን በጉዞ ዓምዳችሁ ስለ ስዊዘርላንዷ ቤሊንዞና የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ደስ ብሎኛል። ስለዚህች ከተማ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው። ፎቶዎቹም ያምራሉ። ግን ሁለት ነገር ከነከነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም። ሦስቱን ግንቦች ደጋግማችሁ «የነገሥታት መኖሪያ» ብላችኋቸዋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ለከተማዋ ሁለት ሰዓት ይበቃታል» የሚል ምክር አለ። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለተኛው ስህተት የመጣው ከመጀመሪያው ነው። ግንቦቹን መኖሪያ ናቸው ብሎ የሄደ ሰው አንዱ ውስጥ ይገባል፣ ክፍሎቹን ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይወጣል። ለዚያ ሁለት ሰዓት መች አነሰ!

(የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምኖረው ዙሪክ ነው። ቤሊንዞና ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው በቡድን ነበር። ስሙን የማልጠቅሰው አስጎብኚ ድርጅት አርባ ደቂቃ ሰጠን። ፒያሳ ዴል ሶሌ ከሚባለው አደባባይ ዓለቱን ሰንጥቆ በተሠራው መተላለፊያ ገባን፣ በሊፍት ሽቅብ ወጣን፣ ከሦስቱ ግንቦች አንዱ የሆነው የካስቴልግራንዴ ግቢ ውስጥ ተገኘን። ሰፊ ሣር። ሁለት ረጃጅም ማማዎች፣ አንዱ ነጩ፣ አንዱ ጥቁሩ ይባላል። ቁመታቸው 27 እና 28 ሜትር ነው። ከዚያ ውጪ ግቢው ባዶ ሊባል የሚችል ነው። አብራን የነበረች ሴት «ዙፋኑ የታለ?» ብላ ጠየቀች። አስጎብኚው መልስ አልነበረውም፣ ሰዓቱን እያየ ነበር። ሁላችንም ቅር እያለን ወደ አውቶቡሱ ተመለስን። እኔም ለጓደኞቼ «ያን ያህል አይደለም» እያልኩ ከረምኩ። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

ነገሩ የገባኝ በሁለተኛው ጉዞ ነው። አባቴ ሊጠይቁኝ መጥተው ይዣቸው ሄድኩ። ከዙሪክ በባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ በ2016 የተከፈተው 57 ኪሎ ሜትር የጎትሃርድ ዋሻ መንገዱን በጣም አሳጥሮታል። ከዋሻው ሲወጡ ቋንቋው ጣሊያንኛ ሆኖ ይጠብቃል። አባቴ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ጥዋት ቀዝቀዝ ባለ ሰዓት ከባዱን እንጨርስ ብዬ፣ በመኪና በቀጥታ ከሁሉም በላይ ወዳለው ሳሶ ኮርባሮ ወሰድኳቸው። ከከተማው 230 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ብቻውን የቆመ ግንብ ነው። እኔ ግንቡን ፎቶ ሳነሳ እሳቸው ጀርባቸውን ለግንቡ ሰጥተው ሸለቆውን ያያሉ። ብዙ ቆዩ።

«አባባ፣ አይገቡም እንዴ?» አልኳቸው።

«ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ምን እንደሚጠብቅ ልይ» አሉኝ።

እውነትም የሚታየው እዚያ ነው። በሰሜን በኩል ከአልፕስ ተራሮች የሚወርደው ሸለቆ ከተማው ጋ ሲደርስ ይጠባል። በደቡብ በኩል ሜዳው ይከፈትና ርቆ የማጆሬ ሐይቅ ጫፍ ያበራል። የጎትሃርድ፣ የሳን በርናርዲኖና የሉኮማኞ መተላለፊያዎች መንገዶች ሁሉ እዚህ ጋ ይገናኛሉ። ከሰሜን ወደ ሚላን የሚወርድ ነጋዴም ሆነ ጦር በዚህች ጠባብ ቦታ ማለፍ ነበረበት። ከላይ ሆኖ ሲታይ መሀል ከተማው ላይ ትልቅ ዓለት ጉብ ብሏል፣ ካስቴልግራንዴ እሱ ላይ ነው። ከእሱ ተነስቶ አንድ ቅጥር ወደ ቲቺኖ ወንዝ ይሄዳል፤ ሙራታ ይሉታል። ሌላው ቅጥር ከተማውን አቅፎ ወደ ተራራው ሽቅብ ይወጣና ሞንቴቤሎ የተባለውን ሁለተኛ ግንብ ይይዛል። ሸለቆው ከወንዙ እስከ ተራራው ተዘግቷል ማለት ነው። አባቴ በጣታቸው መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ተከትለው «ይሄ እኮ ኬላ ነው» አሉ። እኔ አርባ ደቂቃ ውስጥ ቆሜበት ያልገባኝን ሰውዬው ከሩቅ አይተው በአንድ ቃል ጨረሱት።

ኬላ። ዓምዳችሁ ላይ «የነገሥታት መኖሪያ» በሚለው ምትክ ይህች ቃል ብትገባ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። የካስቴልግራንዴ ግቢ ባዶነትም ያኔ ትርጉም ያገኛል፤ ጦር የሚሰፍርበት ቦታ ሰፊ መሆን አለበታ።

ታሪኩም ይህንኑ ነው የሚናገረው። ከተማዋን የሚላን መስፍኖች ይዘዋት ነበር። ስዊዞቹ ደግሞ ከተራራው ማዶ ሆነው ይመኟታል። በ1422 አርቤዶ ላይ፣ ከከተማዋ አፍንጫ ሥር፣ ተዋግተው ሚላኖች አሸነፉ። በ1478 ታኅሣሥ ላይ ግን ወደ ሰሜን ወጣ ብላ በምትገኘው ጆርኒኮ ስዊዞቹ ሚላኖችን ድል አደረጉ። መስፍኑ ቤት ድንጋጤ ገባ። መከላከያው በደቡብ ምሥራቅ በኩል ክፍተት አለው ተባለና በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1479፣ ሳሶ ኮርባሮ በስድስት ወር ተሠርቶ አለቀ። ስድስት ወር! ያንን ሁሉ ድንጋይ ዳገቱ ላይ። ግድግዳው አጠገብ ቆሜ እጄን ዓለቱ ላይ ሳሳርፍ የሚታየኝ ንጉሥ አይደለም፣ የሚቸኩልና የፈራ ሰው ነው። ካሬ ነው፣ ጌጥ የለውም፣ መስኮቶቹ ጥቂት ናቸው።

የግንቦቹን አናትም ልብ ብላችሁ እዩት። ከላይ በረድፍ የቆሙት ጥርሶች ጫፋቸው መሀል ላይ ተሰንጥቆ እንደ ወፍ ጭራ ሁለት ቦታ ይከፈላል። በጥርስና በጥርስ መሀል ያለው ክፍተት አንድ ሰው ቆሞ የሚያነጣጥርበት ያህል ነው። አባቴ አንዱ ጋ ቆመው ትከሻቸውን አስጠግተው ለኩት። «ይሸሽጋል» አሉ፣ በቃ። ሙራታውም እንደዚሁ ነው፤ ቅጥሩ በላይም በውስጡም ያስኬዳል። ውስጡን ስትሄዱ ጨለም ይላል፣ ድንጋዩ ይቀዘቅዛል፣ በጠባቧ ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን መሬቱ ላይ ቁራጭ ሆኖ ያርፋል። ጫፉ ላይ ግን ቅጥሩ ይቋረጣል። ይህን ያደረገው ጦር አይደለም። በ1513 ቢያስካ አካባቢ ተራራ ተንዶ ወንዙን ገደበው፣ ከኋላው ሐይቅ ተጠራቀመ፣ በ1515 ግድቡ ሲደረመስ ጎርፉ እዚህ ድረስ ወርዶ ከቅጥሩ ከፊሉን ወሰደው።

ሰዎቹን ደግሞ እንዳንረሳ። በ1500 ከተማዋን ይዞ የነበረውን የፈረንሳይ ጦር አስወጥተው ከስዊዞቹ ጋር መሆን የመረጡት የከተማው ነዋሪዎች ራሳቸው ናቸው። በ1503 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 12ኛ በአሮና ስምምነት ከተማዋን ለቀቀ። ከዚያ እስከ 1798 ኡሪ፣ ሽቪትስና ኒድቫልደን የሚባሉት ሦስት ካንቶኖች (የስዊዘርላንድ ክፍለ ግዛቶች) አብረው ገዟት፣ ግንቦቹንም በየስማቸው ይጠሯቸው ነበር። ከተማዋ ያለችበት አካባቢ፣ ቲቺኖ፣ ራሱን የቻለ ካንቶን የሆነው በ1803 ነው፤ ዛሬ ዋና ከተማው ቤሊንዞና ነች። ዩኔስኮ በ2000 በቅርስነት ሲመዘግባት ስሟን ከግንቦቹና ከቅጥሯ ጋር «የገበያ ከተማ» ብሎ ነው የጻፈው። ይህ ቃል ደስ ይለኛል። ምክንያቱም ቅዳሜ ጥዋት አሮጌው ከተማ ውስጥ ዛሬም ገበያ ይቆማል። አይብ፣ የደረቀ ቋሊማ፣ ዳቦ፣ አበባ። ጥግ ላይ ፖሌንታ፣ ያ የበቆሎ ገንፎ፣ በትልቅ ድስት ሲማሰል ታገኛላችሁ። ሰው ቅርጫቱን ይዞ እየተሳሳመ ይተላለፋል፣ ቀና ሲሉ ግንቡ ከአናታቸው በላይ ነው፣ ቀና የሚል ግን ብዙም የለም። ለምደውታል።

ስለዚህ ለአንባቢዎቻችሁ ምክር ከሰጣችሁ እንዲህ በሉ። ቅዳሜን ምረጡ። ጥዋት በቀጥታ ሳሶ ኮርባሮ ውጡ። ወደ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ሸለቆውን እዩ፣ ሁሉም ነገር የሚገባችሁ ያኔ ነው። ከዚያ በእግር ወደ ሞንቴቤሎ ውረዱ፤ መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ጥሩ ጫማ አድርጉ። ገበያው ሳይበተን መሀል ከተማ ድረሱ። ካስቴልግራንዴንና ሙራታን ከምሳ በኋላ ተረጋግታችሁ እዩ። በሊፍት መውጣት ነውር የለውም፣ እንዲያውም ያንን የዓለት ስንጥቅ ሳያዩ መመለስ ያሳዝናል፤ አርክቴክቱ አውሬሊዮ ጋልፌቲ ግንቡን ሲያድስ የሠራው ነው። ግንቦቹ የሚከፈቱበት ጊዜ እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ። የስዊዝ ገንዘብ ፍራንክ እንጂ ዩሮ አይደለም፣ ጣሊያንኛ ስለሚናገሩ የሚሳሳት ሰው አይጠፋም። ጊዜ ከተረፋችሁ ሳንታ ማሪያ ዴሌ ግራዚዬ ቤተ ክርስቲያን ግቡና ግድግዳውን የሞላውን የስቅለት ሥዕል እዩ።

ይህ ሁሉ ሁለት ሰዓት አይበቃውም። አንድ ሙሉ ቀን ስጧት። ባለፈው መስከረም ለሦስተኛ ጊዜ ብቻዬን ሄጄ ያደርኩት ለዚህ ነው። ሲመሽ ሦስቱም ግንቦች መብራት ይበራላቸዋል። ስልኬን አውጥቼ ለአባቴ ደወልኩና አሳየኋቸው።

«የላይኛውን አሳየኝ» አሉኝ።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ያችን ቃል አርሙልኝ።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣
ከዙሪክ