ለልጄ፣ ስለ ውኃውና ስለ ድምፅሽ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። በከተማችሁ የቧንቧ ውኃ ላይ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይጨመር አይጨመር ተብሎ ሕዝቡ ድምፅ ሊሰጥ ነው። አንቺ ግን «ይሄ የሐኪሞች ሥራ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ?» አልሽ። ያገባሻል፣ ልጄ።

ሳይንሱ ላይ ብዙ አልቆይም። ፍሎራይድ በልኩ ሲሆን ጥርስ ቶሎ እንዳይበላ ያደርጋል። ሲበዛ ደግሞ ጥርስ ያበልዛል፤ በጣም ከበዛም አጥንት ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውኃ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ለጥርስ ተብሎ ሲጨመር የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት የሚመክሩት 0.7 ነው። በዚህ ላይ የሚያውቁትን ሰዎች ስሚ።

ነገር ግን ሐኪም ያዘዘልሽን ክኒን አልውጥም ማለት ትችያለሽ። የቧንቧ ውኃ እንደዚያ አይደለም። ለአንቺ የመጣው ለጎረቤትሽም ያው ነው። ታዲያ ለሁሉም የሚወስነው ማን ነው? ይህን ላቦራቶሪ አይመልሰውም።

አየርላንድ ፍሎራይድ መጨመርን እንደ ፈረንጆቹ በ1960 በሕግ ግዴታ አደረገች። ግላዲስ ራያን የምትባል እናት መንግሥትን ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ ሰው በአካሉ ላይ መብት እንዳለው ተቀበለ፤ ሕጉ ግን ያንን መብት አይጥስም ብሎ በ1965 አጸናው። በሌላ በኩል የአሜሪካ ግዛቶች የሆኑት ዩታና ፍሎሪዳ በ2025 በግዛታቸው ሁሉ ከለከሉት። ለእኔ ሁለቱም ያው ናቸው። ግዴታውም ክልከላውም ከላይ ሲወርድ የከተማው ሰው ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

የካናዳዋን ካልጋሪን ደግሞ እይልኝ። ሕዝቡ በ1989 ይጨመር ብሎ ድምፅ ሰጠ፤ በ1998ም ደገመው። በ2011 ግን ምክር ቤቱ ሕዝቡን ሳይጠይቅ አስቆመው። ይሄ እስካሁን አልተዋጠልኝም። ሕዝብ በድምፁ የወሰነውን የሚያነሳ ሕዝቡ ራሱ መሆን አለበት! በ2021 እንደገና ሲጠየቁ ከመቶ ስድሳ ሁለት ያህሉ ይመለስ አሉ፤ ውኃው ውስጥ የተመለሰው ግን በ2025 ነው። በአሜሪካዋ ከተማ በፖርትላንድ ደግሞ የተገላቢጦሽ ሆነ። ምክር ቤቱ በ2012 ይጨመር ብሎ ወሰነ፤ ነዋሪዎች ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩን ወደ ምርጫ ወሰዱት፤ በ2013 ሕዝቡ እምቢ አለ። አንዱ ከተማ እሺ፣ ሌላው እምቢ። ሁለቱንም አከብራለሁ፤ የተጠየቁት የሚጠጡት ሰዎች ናቸውና።

አሁን ወደ አንቺ የምርጫ ወረቀት ልምጣ። ጥያቄውን ቃል በቃል አንብቢው። አንዳንዱ «ይጀመር ወይ?» ይላል፤ ሌላው «ይቁም ወይ?» ይላል። ስለዚህ «አዎ» ያልሽው ከልብሽ ሐሳብ ጋር ሊጋጭ ይችላል። በሊትር ስንት ሚሊግራም እንደሚጨመር ተጽፏል? ማን ይለካዋል? የልኬቱ ውጤት ለነዋሪው ይገለጻል? በሚቀጥለው ጊዜ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ እንደገና መጠየቅ ትችላላችሁ? እነዚህ ካልተጻፉ ከምርጫው ቀን በፊት ምክር ቤቱን ጠይቂ።

እሺም በዪ እምቢም በዪ፣ እኔ አልቆጣሽም። ቤት መቅረትሽን ግን አልወድም። ወረቀቱ ሲደርስሽ ደውዪልኝና አብረን እናንብበው።

እናትሽ